ተራራው የነጋዴው ዋና ገንዘብ ነው፤ ስለ አፈር፥ ስለ ዛፍና ስለ ውኃ ከአምቦ እስከ እጃጂ

ስለ አገር የተፈጥሮ ሀብት በተነገረ ቁጥር ብዙው ነጋዴ ነገሩን የገበሬና የመንግሥት ጉዳይ ብቻ አድርጎ ይገምተዋል። ገበሬው መሬቱን ያርሳል፤ መንግሥት ደኑን ይጠብቃል፤ ነጋዴው ደግሞ ወደ ገበያ የመጣለትን ይገዛል፥ ይሸጣል፤ ከዚህ በቀር ምን አገባው? የሚል አሳብ በየሱቁ ይሰማል። ይህ አስተያየት ግን ሒሳቡን በትክክል ያልያዘ ነው። ነጋዴ ከማንም ይልቅ ዋና ገንዘብንና ትርፍን ለይቶ የሚያውቅ ሰው ነው። ትርፉን የበላ በሚመጣው ዓመትም ይነግዳል፤ ዋናውን የበላ ግን ለጊዜው ጠግቦ ቢታይም መጨረሻው ኪሣራ ነው። የአፈር፥ የዛፍና የውኃ ነገርም ከዚህ የንግድ ሕግ የወጣ አይደለም።

ይህንን ለማስረዳት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ የሚወስደው አውራ ጎዳና በሆለታ፥ በአዲስ ዓለም፥ በጊንጪና በአምቦ አልፎ፥ ጉደርንና ጌዶን ተሻግሮ እጃጂ ይደርሳል፤ ከዚያም ወደ ባኮና ወደ ነቀምቴ ይቀጥላል። እጃጂ የኢሉ ገላን ወረዳ መቀመጫ ስትሆን፥ በጌዶ ደጋና በባኮ ዝቅተኛ ሜዳ መካከል በመገኘቷ ከሁለቱም ወገን ለሚመጣ ሸቀጥ የምትመች የገበያ ከተማ ናት። በቆሎ፥ ጤፍ፥ ኑግ፥ በርበሬና ማር ከገጠር ይመጣል፤ ጨው፥ ሳሙና፥ ጨርቅ፥ ቆርቆሮ፥ ምስማር፥ ማዳበሪያና የምግብ ዘይት ከከተማ ይሄዳል። በዚህ ልውውጥ ውስጥ ባለሱቁ የሚሸጠው ለገበሬው ነው፤ ገበሬው የሚገዛው እህሉን ሸጦ ነው፤ እህሉ የሚበቅለው በአፈር ነው። ስለዚህ አፈሩ ቢሄድ ሽያጩም አብሮት ይሄዳል ማለት ነው። በዚህ ጽሑፍ ዋናው ገንዘብ በየትኛው በር እየወጣ እንዳለና ነጋዴው በሩን ለመዝጋት ምን ሥልጣን እንዳለው በተራ እናሳያለን።

ውኃ የሚከፈልበት አገር

የምዕራብ ሸዋ ደጋ ቀድሞ የጅባትና ሜጫ አውራጃ ይባል የነበረውን አገር የሚያጠቃልል ሲሆን፥ ዝናቡ ወደ ሦስት ታላላቅ ወንዞች የሚከፈልበት ነው። የጉደርና የሙገር ውኃ ወደ ሰሜን ወርዶ ከዓባይ ይገባል። የአዋሽ ወንዝ መነሻ በጊንጪ አጠገብ ከደንዲ ወረዳ ደጋ ነው። የእጃጂና የባኮ ወገን ውኃ ደግሞ ወደ ግቤ ይወርዳል፤ ግቤም ከጎጀብ ጋር ተገናኝቶ ኦሞ ይባልና እስከ ቱርካና ሐይቅ ይዘልቃል።

ከእነዚህ ከሦስቱ ወንዞች በእያንዳንዱ ላይ አገሪቱ ብዙ ገንዘብ ያፈሰሰችበት ግድብ ቆሟል። በአዋሽ ላይ በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው የቆቃ ግድብ አለ። በኦሞ ላይ 243 ሜትር ከፍታና 1870 ሜጋ ዋት ኃይል ያለው ግልገል ግቤ ሦስት ታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ተመርቋል። በዓባይ ላይ የቆመው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ግድብ ማለት የውኃ ግምጃ ቤት ነው። በግምጃ ቤት ውስጥ የማይፈለግ ዕቃ ቢከማች ለሸቀጡ ቦታ እንደሚጠፋ ሁሉ፥ በግድብም ደለል ሲሞላ ለውኃ ቦታ ይጠፋል። የቆቃ ሐይቅ ከተሠራ በኋላ ባሉት ዓመታት ከመጀመሪያው ይዞታው ከሩብ በላይ የሚሆነውን በደለል አጥቷል። ይህ ደለል ከሌላ ቦታ የመጣ አይደለም፤ ከላይ ከሚታረሰው ተዳፋት የተጠረገ አፈር ነው። በአምቦ የሚሠራ የእህል ወፍጮ፥ በአዲስ አበባ የሚሠራ የዘይት ፋብሪካ፥ በየሱቁ የሚበራ መብራት ሁሉ ከዚህ የውኃ ግምጃ ቤት የሚከፈለው ስለ ሆነ፥ የተራራው ጉዳት በመጨረሻው የንግድ ቤቱን ደጅ ያንኳኳል።

ውኃ ራሱም በአካባቢው የታወቀ ሸቀጥ ነው። የአምቦ ማዕድን ውኃ ከ1922 ዓ.ም. ጀምሮ በጠርሙስ ታሽጎ ሲሸጥ የኖረ ሲሆን፥ ከአገራችን የታሸጉ መጠጦች ሁሉ ስሙ ከጥንት የታወቀ ነው። ፈላው ጋዙን የሚያገኘው በእሳተ ገሞራ ከተፈጠረው ከመሬት ውስጥ ነው፤ ውኃውን የሚያገኘው ግን በደጋው ላይ ዘንቦ ቀስ በቀስ ወደ ውስጥ ከሰረገው ዝናብ ነው። ተራራው ሲራቆት ዝናቡ ወደ መሬት መስረጉን ትቶ በላይ በላዩ ይሮጣል፤ ክረምት ጎርፍ፥ በጋ ደግሞ የደረቀ ምንጭ የሚሆነው ስለዚህ ነው።

አራት መቶ ሃያ ኩንታል

የአፈር መታጠብ በዓይን በቶሎ የማይታይ ኪሣራ ነው። ገደል የሚሆነው ቦረቦር ለሁሉ ይታያል፤ ከማሳው ላይ በየዝናቡ በስሱ የሚጠረገውን ግን የሚያስተውለው ጥቂት ሰው ነው። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በስዊስ ርዳታ የተቋቋመው የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም በልዩ ልዩ ክፍላተ ሀገር ጣቢያ ሠርቶ ለብዙ ዓመታት ሲለካ ከቆየ በኋላ፥ በኢትዮጵያ ደጋ ከሚታረስ መሬት በአማካይ በሄክታር በዓመት 42 ቶን አፈር እንደሚሄድ ተገምቷል።

ይህንን ቁጥር ወደ ነጋዴ ቋንቋ ብንመልሰው 42 ቶን 420 ኩንታል ነው። ተሳቢ ያለው አንድ የጭነት መኪና ሙሉ ጭነት 400 ኩንታል ያህል ነው። እንግዲህ ከአንድ ሄክታር መሬት በየክረምቱ አንድ ተሳቢ ሙሉ አፈር ያለ ደረሰኝና ያለ ዋጋ ተጭኖ ይሄዳል ማለት ነው። ያው መሬት 40 ኩንታል በቆሎ ቢያስገኝ ለአንዱ ኩንታል በቆሎ ከ10 ኩንታል በላይ አፈር ተከፍሏል። በማናቸውም መዝገብ እንዲህ ያለ ሽያጭ ትርፍ ተብሎ አይጻፍም።

በውፍረት ሲለካ ይህ በዓመት ወደ 4 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ጥቂት ይመስላል፤ ነገር ግን የገበሬው ማረሻ የሚገለብጠው አፈር ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለ ሆነ፥ በዚህ አካሄድ አንድ ሰው በሚያርስበት ዕድሜ ውስጥ፥ ማለት በ50 ዓመት፥ የላይኛው ለም አፈር ያልቃል። በእርግጥ ይህ አማካይ ነው፤ ሜዳው ከዚህ ያነሰ፥ ተዳፋቱ ከዚህ የበለጠ ያጣል። በጌዶና በእጃጂ መካከል እንዳለው ያለ ቁልቁል የሚበዛበት አገር ግን ከአማካዩ እበልጥ እንደ ሆነ እንጂ አንሳለሁ ብሎ ሊመካ አይችልም።

በዚሁ መንገድ በባኮ የሚገኘው የምርምር ማዕከል ለአገሪቱ በቆሎ ትልቅ ውለታ የዋለ ነው። ቢ ኤች 660 በሚል ስም በ1985 ዓ.ም. የወጣውና በብዙ ክፍለ ሀገር የተዘራው ዘር የባኮ ድቅል ነው፤ ቢ ኤች የሚሉት ፊደላትም ይህንኑ የባኮ ድቅልነት ያመለክታሉ። ነገር ግን ጥሩ ዘር ጥሩ አፈርን ይፈልጋል። በተራቆተ መሬት ላይ የተዘራ ምርጥ ዘር መሠረት በሌለው ግድግዳ ላይ እንደ ተመታ ቆርቆሮ ነው። መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ በተዳፋቱ አግድም እርከን መሥራት፥ በእርከኑ ጠርዝ ቬቲቨር ወይም ደሾ ሣር መትከል፥ ቦረቦሩን በክትር መዝጋት፥ ከመከር በኋላ የበቆሎውን አገዳ ሁሉ ነቅሎ ከመሸጥና ከማቃጠል ይልቅ ከፊሉን ለመሬቱ መተው ነው።

ማዳበሪያው ለምን አይሠራም?

ሁለተኛው ኪሣራ ከመታጠብ ይልቅ የተሰወረ ነው፤ ይኸውም የአፈሩ መኮምጠጥ ነው። በኢትዮጵያ ከሚታረሰው መሬት ከመቶ 43 ያህሉ ኮምጣጣ አፈር እንዳለው ይገመታል፤ ዝናብ የሚበዛበት የምዕራቡ ደጋም በዚህ ችግር ከተያዙት ቦታዎች ቀዳሚው ነው። የነገሩ አካሄድ እንዲህ ነው። ብዙ ዝናብ በአፈሩ ውስጥ እያለፈ ካልሲየምን፥ ማግኒዚየምንና ፖታሲየምን አጥቦ ይወስዳል። ገበሬው ደግሞ እህሉንም ገለባውንም ከማሳው ያነሣዋል። ከዚህ በላይ እንደ ዩሪያ ያሉ ማዳበሪያዎች ለብዙ ዓመት ሲደጋገሙ አፈሩን ይበልጥ ያኮመጥጡታል። በዚህ ጊዜ በአፈሩ ውስጥ ያለው አሉሚኒየም ይሟሟና የተክሉን ሥር ያቃጥላል፤ በማዳበሪያ የተጨመረውንም ፎስፈረስ አሥሮ ተክሉ እንዳይጠቀምበት ያደርገዋል።

አስመጪ የሆነ አንባቢ ይህንን ቃል ልብ ብሎ ይመልከት። ማዳበሪያ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ፥ በመርከብ ጅቡቲ ደርሶ፥ በመኪና ተጭኖ፥ በገበሬው ትከሻ ማሳ ላይ ከደረሰ በኋላ ከፊሉ በኮምጣጣው አፈር ታሥሮ ይቀራል። የባከነው የገበሬው ብር ብቻ አይደለም፤ ለመድኃኒት፥ ለመለዋወጫና ለነዳጅ ሊውል የሚችለው የውጭ ምንዛሪም ነው። ገበሬው ጠቀሜታውን ባላየ ጊዜ በሚመጣው ዓመት መግዛቱን ይቀንሳል፤ ወይም ዕዳ ውስጥ ይገባል።

የዚህ መድኃኒት ከባሕር ማዶ የሚመጣ አይደለም። በደቃቁ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ በአፈሩ ላይ ሲበተንና ሲታረስ ኮምጣጤውን ያበርደዋል። የኖራ ድንጋይ በአገራችን ሞልቷል፤ በጉደርም ለእርሻ የሚሆን ኖራ መፍጫ ተቋቁሟል። የሚያስቸግረው ብዛቱና ክብደቱ ነው። ማዳበሪያ በሄክታር በኩንታል ሲቆጠር ኖራ ግን እንደ አፈሩ ኮምጣጣነት በሄክታር እስከ ብዙ ቶን ሊያስፈልግ ይችላል። ስለዚህ ጉዳዩ የመጓጓዣና የማከፋፈል፥ ማለት በቀጥታ የንግድ ጉዳይ ነው። እህል ጭኖ ወደ ምሥራቅ የሄደ መኪና ሲመለስ ባዶውን ከሚመለስ ኖራ ቢጭን፥ ባለ መኪናውም፥ ባለሱቁም፥ ገበሬውም ይጠቀማሉ። እንደዚህ ያለውን ሥራ አጥንቶ የሚጀምር ነጋዴ ለአገሩ ያደረገውን በጎነት ያህል ለራሱም ደንበኛ ያፈራል።

የአዲስ ዓለም ትምህርት

ወደ እንጨት ነገር ስንመለስ፥ በዚሁ አውራ ጎዳና ላይ ያለችው አዲስ ዓለም ለሁሉ የሚሆን ትምህርት ትሰጣለች። ዳግማዊ ምኒልክ በ1893 ዓ.ም. አካባቢ ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘውን ይህችን ቦታ ለዋና ከተማነት አስበው ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። ምክንያቱም በእንጦጦና በአዲስ አበባ ዙሪያ ያለው ደን ተቆርጦ ስላለቀ ለማገዶና ለቤት ሥራ የሚሆን እንጨት በመጥፋቱ ነበር። ከተማዋን ከመዛወር ያዳናት በ1887 ዓ.ም. አካባቢ ከውጭ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። በቶሎ የሚያድግ፥ ተቆርጦም ከጉቶው የሚያቆጠቁጥ በመሆኑ የከተማውን የማገዶ ጥማት አረካ፤ በአዲስ ዓለም የተጀመረውም ቤተ መንግሥት የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። የአንድ መንግሥት መናገሻ በማገዶ እጦት ሊዛወር ከደረሰ፥ የአንድ ነጋዴ ሱቅ በዚሁ ምክንያት ሊዘጋ መቻሉ አያስደንቅም።

ባሕር ዛፍ ዛሬም የምዕራብ ሸዋ ገበሬ ቁጠባ ነው። አጣናው ለቤት ሥራና ለሕንፃ መወጣጫ ይሸጣል፤ ቅርንጫፉ ይነድዳል። ቢሆንም ቦታውን መምረጥ ያስፈልጋል፤ ከምንጭ አጠገብና በእህል ማሳ ጠርዝ ሲተከል ውኃውን ይሻማል፥ ጎረቤቱን ሰብልም ያቀጭጫል። ለእርሻ በማይመች ጭንጫ ቦታ ቢተከል ግን የተፈጥሮውን ደን ከመጥረቢያ የሚታደግ ጋሻ ነው።

ከሰልን በተመለከተ ሒሳቡ ከዚህ የከበደ ነው። በልማዳዊው የአፈር ምድጃ ከ100 ኪሎ ደረቅ እንጨት የሚገኘው ከሰል ከ10 እስከ 20 ኪሎ ብቻ ነው። 30 ኪሎ የሚመዝን አንድ ጆንያ ከሰል 200 ኪሎ ያህል እንጨት የጠፋበት ሊሆን ይችላል። እንጨቱ ከጥድ፥ ከወይራ ወይም ከዝግባ የመጣ እንደ ሆነ፥ ሰው በአንድ ሳምንት የሚያነድደውን መሬት መልሶ ለመተካት የሰው ዕድሜ አይበቃውም። እንጨቱ ለዚሁ ተብሎ የተተከለ እንደ ሆነ ግን ነገሩ እንደ ማናቸውም የእርሻ ሰብል ነው።

የዚህ ማስረጃ በአማራ ክልል በአዊ ዞን በፋግታ ለኮማ ወረዳ ታይቷል። በዚያ ያሉ ገበሬዎች በተሟጠጠና በኮመጠጠ መሬታቸው ላይ ደከረንስ የሚባለውን ግራር ተክለው፥ በአራትና በአምስት ዓመት ቆርጠው ከሰል እያደረጉ ለአዲስ አበባና ለሌሎች ከተሞች ሸጠዋል፤ ዛፉ አፈሩን ስላደሰላቸውም በቦታው መልሰው እህል ዘርተዋል። ነገር ግን ከ2012 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ የዝገት በሽታ በዛፉ ላይ ተነሥቶ ብዙ ችግኝና ማሳ አጠፋ። ትምህርቱ ሁለት ነው፤ አንደኛ፥ ተክሎ መነገድ ይቻላል፤ ሁለተኛ፥ ገንዘቡን ሁሉ በአንድ ሸቀጥ ላይ ያዋለ ነጋዴ እንደሚጎዳ፥ በአንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ የተማመነም ይጎዳል።

የተፈጥሮውን ደን ስለ መጠበቅ ደግሞ በጊንጪ አጠገብ ያለው የጭሊሞ ደን ይጠቀሳል። ጥድ፥ ዝግባና ወይራ የሚበቅሉበት ይህ ደን ከ1980ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በፋርም አፍሪካ ድጋፍ የአሳታፊ ደን አስተዳደር ከተሞከረባቸው የአገራችን ቀዳሚ ቦታዎች አንዱ ነው። አሠራሩ፥ በደኑ ዙሪያ የሚኖረው ሕዝብ በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅቶ ደኑን እንዲጠብቅና በውሉ መሠረት እንዲጠቀም ማድረግ ነው። የዚህ አሳብ መሠረት ነጋዴ በሚገባ የሚያውቀው ነው፤ ሰው የራሱ ድርሻ ያለበትን ንብረት ከሌላው ንብረት ይልቅ ይጠብቃል።

ንብ፥ ኑግና የዘይት ጠርሙስ

ከእጃጂ ገበያ ወደ ዘይት መጭመቂያ የሚሄደው ኑግ የአገራችን ተክል ነው። የኑግ አበባ በራሱ ብናኝ ፍሬ የመያዝ ችሎታው እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ፥ ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ብናኝ የሚያደርስለት ንብ ያስፈልገዋል። በመስከረምና በጥቅምት ማሳው ቢጫ ሲሆን ንቡ ማር ይሰበስባል፤ በዚያው ሥራውም ኑጉ ፍሬ ይይዛል። ከኑጉ ዘይት፥ ከዘይቱ ጭማቂ ደግሞ ለከብት የሚሆን ፋጉሎ ይገኛል። ስለዚህ ንብ ሁለት ጊዜ ለነጋዴው ይሠራል፤ አንዴ በማር፥ ሁለተኛ በኑግ።

ንቡ ግን ዓመቱን በሙሉ በኑግ ብቻ አይኖርም፤ በበጋ የሚያብብ ዛፍና ቁጥቋጦ ይፈልጋል። ደኑ ሲጠፋ የንቡ መንጋ ይቀንሳል፤ የኑጉም ፍሬ ይሳሳል፤ አገሪቱም የጎደለውን ዘይት ከባሕር ማዶ በውጭ ምንዛሪ ትገዛለች። አበባ ባለበት ሰዓት የሚረጭ የተባይ መድኃኒትም ይህንኑ ጉዳት ያደርሳል። በሆለታ የሚገኘው የንብ ምርምር ማዕከል ስለ ንብ አያያዝና ስለ ቀሰም ተክሎች ምርምር የሚያደርግ መሥሪያ ቤት ስለ ሆነ፥ የማር ነጋዴዎች ምክሩን ቢጠይቁ ይጠቀማሉ። የኢትዮጵያ ማርና ሰም በ2000 ዓ.ም. ወደ አውሮፓ ኅብረት እንዲገባ የተፈቀደው የመድኃኒት ቅሪት ቁጥጥር እንዲደረግበት በመስማማት ነው፤ እንግዲህ ጥንቃቄ የጎደለው አንድ ርጭት በላኪው በር ላይ የሚቆም እንቅፋት ነው።

ሕጉ ከነጋዴው የሚጠይቀው

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል። ከዚህም በመነሣት ነጋዴውን በቀጥታ የሚመለከቱ አዋጆች ወጥተዋል። በአዋጅ ቁጥር 299/1995 መሠረት የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ለሚያስፈልገው ሥራ የኢንቨስትመንት ወይም የንግድ ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት፥ አስቀድሞ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን መፍቀዱን ማረጋገጥ ይኖርበታል። አዋጅ ቁጥር 300/1995 አካባቢን መበከል ይከለክላል፤ ጉዳቱ በግሉ ያልነካውም ሰው ቢሆን አቤቱታ እንዲያቀርብ መብት ይሰጣል። ፀረ ተባይ የሚያስመጣ ነጋዴም በአዋጅ ቁጥር 674/2002 መሠረት የተመዘገበውን መድኃኒት ብቻ ማስገባት አለበት። የደን አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ደግሞ ደን የመንግሥት ብቻ ሳይሆን የግለሰብ፥ የማኅበረሰብና የማኅበር ይዞታ ሊሆን እንደሚችል ስለሚያውቅ፥ ገንዘቡን በዛፍ ተከላ ላይ ለሚያውል ነጋዴ በር ከፍቷል። ለባለሱቆች በተለይ የሚያስፈልገው በ2017 ዓ.ም. የጸደቀውና ፌስታል ማምረትን፥ ማስመጣትንና መሸጥን የሚከለክለው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ነው።

ከአገራችን ውጭም ገዢው ራሱ ሕግ አውጥቷል። የአውሮፓ ኅብረት በ2015 ዓ.ም. ባወጣው ደንብ ቡና፥ አኩሪ አተር፥ እንጨትና ሌሎችም ሸቀጦች ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. ወዲህ ደን ከተመነጠረበት መሬት የመጡ እንደ ሆነ ወደ ገበያው እንዳይገቡ ከልክሏል፤ የበቀሉበትም ማሳ በካርታ ነጥብ ተለይቶ እንዲታወቅ ይጠይቃል። ደንቡ በሥራ የሚውልበት ቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ቢራዘምም፥ የመራዘሙ ጥቅም ለተዘጋጀ ሰው እንጂ ለተኛ ሰው አይደለም። ከማን ገዛሁ? የት በቀለ? የሚለውን በመዝገቡ ጽፎ የሚይዝ ላኪ ከባልንጀራው ቀድሞ ይሸጣል።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

ነጋዴ እርከን ይሥራ አይባልም፤ ነገር ግን የሚገዛውን የመምረጥ ሥልጣን አለው፤ ይህም ሥልጣን ከብዙ ማስታወቂያ ይበልጣል።

አስመጪው ማዳበሪያና ፀረ ተባይ ሲያቀርብ የአፈሩ ሁኔታ መመርመሩን ይጠይቅ፤ ከማዳበሪያው ጋር የአገር ውስጥ ኖራ የሚደርስበትን መንገድ ከኅብረት ሥራ ማኅበራት ጋር ይምከር፤ ከሰል የሚቆጥብ ምድጃና የእንጀራ ምጣድ ማቅረብንም እንደ አንድ የሥራ መስክ ይመልከተው።

ላኪው ቡናውን፥ ቅባት እህሉን፥ ማሩንና ሰሙን የገዛበትን ቀበሌና አምራች በደንብ ይመዝግብ፤ ጥራት ላለውና ከተጠበቀ መሬት ለመጣ ሸቀጥ ጥቂት ብልጫ ቢከፍል፥ ያ ብልጫ ለሚመጣው ዓመት አቅርቦት የተከፈለ ዋስትና እንደ ሆነ ይቁጠረው።

ባለሱቁ ደግሞ ከተተከለ ዛፍ የመጣውንና ከተፈጥሮ ደን የተሰረቀውን ከሰልና እንጨት ለይቶ ይግዛ፤ በፌስታል ፈንታ የወረቀትና የጨርቅ ከረጢት ያቅርብ፤ ደንበኛው ዘንቢሉን ይዞ እንዲመጣ ያበረታታ፤ የተጣለ ላስቲክ ከእርሻና ከከብት መዋያ እንዳይደርስ በሱቁ ደጅ ያለውን ይሰብስብ።

የንግድ ማኅበራትም በ2011 ዓ.ም. በተጀመረው የአረንጓዴ አሻራ የተከላ ዘመቻ ሲሳተፉ፥ ሒሳቡን በተተከለው ሳይሆን በጸደቀው ችግኝ ቁጥር ይያዙት። የተሸጠውን እንጂ የታዘዘውን ሸቀጥ ገቢ አድርጎ የሚጽፍ ነጋዴ የለምና።

ከዚህ በላይ የተዘረዘረው ሁሉ አንድ ነገር ያሳያል። በእጃጂ ገበያ የሚሸጠው በቆሎና ኑግ፥ በአምቦ የሚታሸገው ውኃ፥ በአዲስ አበባ የሚበራው መብራት ሁሉ የአንድ ዋና ገንዘብ ትርፍ ነው፤ ያም ዋና ገንዘብ በተራራው ላይ ያለው አፈርና ዛፍ ነው። ከዚህ ሂሳብ በየዓመቱ ያለ ገደብ እያወጣን መልሰን የማናስገባ ከሆነ፥ መዝገቡ የሚዘጋበት ቀን ሩቅ አይደለም። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት እንዲህ ላለው ነገር ነውና፥ የመጪው ክረምት ዝናብ ሳይወርድ እያንዳንዱ ነጋዴ በራሱ መዝገብ ላይ ከሚገባውና ከሚወጣው አጠገብ ይህንን ሦስተኛ ዓምድ ይክፈት።